የተሰናበተችው ሚስት

አያቴ ቡና ስታፈላ ያለፈውን የምታነሣው በበረካው ነበር። አቦልና ቶና የጎረቤት ናቸው፤ የዝናቡ፣ የገበያው፣ የጀንፈሉ ዋጋ ይወራባቸዋል። ጎረቤት አንድ ባንድ መርቆ ሲወጣና እሷና እኔ ብቻ ስንቀር ግን ረከቦቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ከእነዚያ ምሽቶች በአንዱ፣ በአጋሮ ከተማ ዳር በነበረችው ጎጆዋ ውስጥ፣ ከዚያ ወዲህ የተከተለኝን አንድ ቃል ሰማሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ቃል ነው።

አያቴ ሊሙ ውስጥ ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደች ኦሮሞ ነበረች። ወንድ አያቴ ደግሞ ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ቡና ዋጋ እያገኘ ሲሄድ፣ ከጎጃም ወደ ጅማ ከወረዱት ነጋዴዎች አንዱ ነበሩ። እሳቸውን ለማግባት ስትል ክርስትና ተነሣች፤ በሽማግሌ ፊት፣ በሰማንያ ውል ተጋቡ። አሥራ አምስት ዓመት አብረው ኖሩ፤ ቡና ተከሉ፤ ሦስት ልጆች ወለዱ። በአሥራ ስድስተኛው ዓመት አንዲት ሴት ከጎጃም መጣች። ወንድ አያቴ በልጅነታቸው በቁርባን ያገቧት ሚስታቸው ነበረች። ይህን አያቴ ከዚያን ቀን በፊት ሰምታ አታውቅም።

በዚያው ዓመት እሳቸው በብርቱ ታመሙ፤ ሥጋ ወደሙ ለመቀበልም ፈለጉ። የንስሐ አባታቸው የተጻፈውን ነገሯቸው፤ በቁርባን ያገባ ሰው ሌላ ሚስት ሊኖረው አይችልምና ሁለተኛዪቱን ያሰናብቱ አሉ። አያቴ ተሰናበተች። ከዋናው ቤት በስተጀርባ አንዲት ጎጆና ጥቂት እግር ቡና ተሰጣት። የጎጃሟ ሴት በትልቁ ቤት ገባች። ወንድ አያቴ ቆረቡ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ አረፉ።

በዚያ ምሽት ታዲያ «አዝነሽባት ነበር?» ብዬ ስለ ጎጃሟ ሴት ጠየቅኋት። የሰማሁት ቃል ይህ ነው፤ «ለምን ልጄ? ሴትየዋም ጠበቀች፤ እኔም ጠበቅሁ። ያልጠበቁት እሳቸው ናቸው። ከቤት የወጣሁት ግን እኔ ነኝ።»

ለብዙ ዓመታት ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። መጻሕፍት ማገላበጥ ስጀምር ግን ያንኑ ጥያቄ በነገሥታት ቤት፣ በመነኮሳት ገድል፣ ከባሕር ማዶ በመጡ ሚስዮናውያን ማስታወሻ፣ በሕግ አንቀጽም ውስጥ አገኘሁት። ክርስትና ስለ ጋብቻ በተከራከረበት ቦታ ሁሉ አንድ ወንድ ስንት ሚስት ያግባ ተብሎ ተጠይቋል። የምትሰናበተዋስ ምን ትሁን የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ አልፏል። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

* * *

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አቋም ግልጽ ነው። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ለአንድ ወንድ አንዲት ሚስት ብቻ ይፈቅዳል፤ በመጀመሪያይቱ ላይ ሌላ የሚጨምረውንም ያወግዛል። በሕዝቡ ኑሮ ግን ጋብቻ ከአንድ በላይ ዓይነት ነበረው። ቁርባን አለ፤ እስከ ሞት የማይፈታ፣ ካህን በግድ የሚይዘው፣ ሕዝቡ ግን ብዙውን ጊዜ ዕድሜው ከገፋ በኋላ የሚገባበት። ሰማንያ አለ፤ በሽማግሌና በዋስ የሚታሰር፣ በሽማግሌም የሚፈታ። ደሞዝ አለ፤ መንገደኛና ወታደር ለጊዜው፣ በተቆረጠ ክፍያ የሚይዘው። ከእነዚህ ውጭ ደግሞ ቅምጥ አለች፤ ውሽማ አለች። ስለዚህ አንድ ሰው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ አንዲት ሚስት ብቻ ኖራው፣ በሦስት አገር ሦስት ጎጆ ሊያቆም ይችል ነበር። ከ1520 እስከ 1526 አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ይህንኑ ታዝቧል፤ ሁለትና ሦስት ሚስት የሚያገቡ ሰዎችን ንጉሡም ዳኛውም አይከለክላቸውም፤ የምትከለክላቸው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ናት፤ የእሷም ቅጣት ከቁርባን ማራቅ ነው ይላል።

ቤተ ክርስቲያን ዝም አላለችም። በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን (1314–1344) መነኮሳት ንጉሡን ስለ ጋብቻው ፊት ለፊት ገሠጹት። አባ በጸሎተ ሚካኤል፣ አባ አኖሬዎስ፣ የደብረ አስቦው አባ ፊልጶስ በገድላቸው የሚታወሱት በዚህ ጭምር ነው። አኖሬዎስ ተገረፈ፤ ብዙዎቹ ተሰደዱ። ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብም ነገሥታቱ በአንዲት ሚስት እንዲጸኑ ስለ ጠየቁ ከዙፋኑ ጋር ተጣልተው በኋላ ወደ ግብፅ እንዲመለሱ ተደረገ። ስለ አንድ ለአንድ ጋብቻ በዚህ አገር ደም ፈስሷል፤ እኔም ይህን ሳስብ እነዚያን መነኮሳት አከብራቸዋለሁ። ንጉሥን ያህል ሰው ሕግ አለብህ ማለት ቀላል አልነበረም።

ቤተ መንግሥቱ ግን በልማዱ ቀጠለ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤት «ቀኝ ባልቴሐት» እና «ግራ ባልቴሐት» የሚባሉ ንግሥቶች ነበሩ። ዝነኛዋ እቴጌ እሌኒ፣ ከሐድያ ሙስሊም ገዥ ቤት ተወልዳ ክርስትና የተነሣችው ሴት፣ የቀኝ ባልቴሐትነቱን ማዕርግ ይዛ ነበር። ስለ እሌኒ ባነበብሁ ቁጥር አያቴን አስባለሁ። ሁለቱም በጋብቻ መንገድ ወደ ክርስትና የገቡ ናቸው። አንዲቱ ለመንግሥት አማካሪ ለመሆን በቃች፤ ሌላዪቱ ከጓሮ ጎጆ ተሰጣት።

* * *

ዛሬ የቡናው አገር የምንለው፣ ሊሙን ይዞ በጊቤ ወንዝ አካባቢ ያለው ምድር፣ ከክርስትና ጋር የተዋወቀው ቡና ነጋዴ ከሰሜን ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በ1580ዎቹ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ወደ እናርያ ዘምተው የአገሩ ገዥ ባዳንቾ እንዲጠመቅ አድርገዋል። እናርያ ዛሬ ሊሙ በምንለው አካባቢ የነበረ መንግሥት ነው። ንጉሡ ለእናርያው ገዥ ያመጡለት ሃይማኖት በአንዲት ሚስት መጽናትን የሚያዝዝ ሲሆን፣ በራሳቸው ቤት ግን ከንግሥቲቱ ሌላ ልጆች የወለደችላቸው ሴት ነበረች። በ1597 ሲሞቱ ዙፋኑን የያዘው ከዚህችው ሴት የተወለደው ሕፃኑ ያዕቆብ ሆነ።

ይህ ሕፃን ከሕግ ሚስት ያልተወለደ በመሆኑ ዙፋኑ ገና ከጅምሩ ክርክር ያዘው። በ1603 መኳንንቱ አውርደው የሠርፀ ድንግልን የወንድም ልጅ ዘድንግልን አነገሡ። ያዕቆብ የተጋዘው ወዴት እንደ ሆነ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ፤ ወደ እናርያ ነበር። አባቱ ገዥውን ያስጠመቁበት አገር ለልጃቸው ግዞት ሆነ። ከዚያ ተጠርቶ ተመለሰና እንደ ገና ነገሠ፤ በ1607 ግን ከሱስንዮስ ጋር ሲዋጋ ጎል ላይ ወደቀ። ዕድሜው ገና ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። የአባት ቤት ሥርዓት ማጣት ዕዳው በልጅ ላይ ሲወድቅ የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ በታሪካችን አላውቅም።

ሱስንዮስ ራሳቸው ያንኑ ጥያቄ በሌላ በኩል ገጠሙት። የካቶሊክን እምነት ለመቀበል ሲወስኑ፣ ኢየሱሳዊው ጴድሮ ፓኤዝ ኑዛዜያቸውን ከመስማቱ በፊት፣ ከመጀመሪያይቱ ሚስታቸው በቀር ሌሎቹን ሚስቶችና ዕቁባቶች ሁሉ አሰናበቱ። ዘመኑ 1622 ነው። ጸሐፊዎቹ ይህን እንደ ትልቅ ድል መዝግበውታል፤ በእርግጥም ለአንድ ንጉሥ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ብዕራቸው ያረፈው ግን በንጉሡ ነፍስ መዳን ላይ ነው። ከቤተ መንግሥቱ በር የወጡት ሴቶች ምን ይዘው ወጡ? ልጆቻቸውስ? ስለ ነዚህ ሲሆን ታሪኩ ያጥራል። ከዚያም የአገሩ ክርክር ወደ ሌላ ሄደ፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚደረገው ሙግት ብዙ ደም አፍስሶ በ1632 ንጉሡ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

* * *

ሁለት መቶ ዓመት አልፎ ወደ ጊቤ ስንመለስ የአገሩ መልክ ተለውጧል። በእናርያ ቦታ የሊሙ ኦሮሞ መንግሥት ቆሟል፤ በዙሪያውም ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ አሉ። እስልምናም በነዚህ መንግሥታት እየተስፋፋ ነው። ከ1825 እስከ 1861 ሊሙ እናርያን የገዙት አባ ባጊቦ በሚስቶቻቸው ብዛት የታወቁ ነበሩ። ይሁን እንጂ ብዛቱ የምኞት ነገር ብቻ አልነበረም፤ ሚስቶቻቸው ከየጎረቤቱ ገዥ ቤት የመጡ ነበሩ። እያንዳንዷ ጋብቻ የሰላም ውል ነበረች። በ1843 ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ ካፋን ለማየት የበቃው ለአባ ባጊቦ ከካፋ ንጉሥ ቤት ሙሽራ ለማምጣት ከተላኩት ጋር ተቀላቅሎ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ላለ ሰው «አንዲቱን ያዝ፤ ሌሎቹን አሰናብት» ማለት ከአምስት መንግሥት ጋር የገባኸውን ቃል ባንድ ቀን አፍርስ ማለት ነው።

ይህን ለማለት የመጡት የካቶሊኩ ጳጳስ ጉልዬልሞ ማስያያ ነበሩ፤ የአገራችን ሰዎች አቡነ ማስያስ ይሏቸዋል። ከዳባዲ ማሳሰቢያ በኋላ የተቋቋመውን ተልእኮ ይዘው በ1852 ጉድሩ ደረሱ፤ በ1859 በጊቤ አገሮች በኩል አልፈው ካፋ ገቡ፤ በ1861 ከካፋ ተባረሩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ስለ ፈጀው ተልእኳቸው የጻፉት ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ የዚያን ዘመን ኑሮ ለማወቅ ዛሬም ይነበባል። በቤተ ክርስቲያናቸው ሕግ ብዙ ሚስት ያለው ሰው ሲጠመቅ አንዲቱን ብቻ ማስቀረት ነበረበት፤ ጳጳሱ ጳውሎስ ሣልሳዊ በ1537፣ ፒዮስ አምስተኛ ደግሞ በ1571 የወሰኑት ይህንኑ ነው።

ከማስያያ ታሪክ ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን ከእሳቸው ቀድሞ በ1855 ወደ ካፋ የተላከው ቄስ ቼዛሬ ነው። ሳያገባ ለመኖር ስእለት የገባው ይህ ካፑቺን መነኩሴ ካፋ ላይ ሚስት አገባ። ስለ ጋብቻ ንጽሕና ሊያስተምር የመጣው ሰው የራሱን ቃል ኪዳን መጠበቅ አቃተው። ይህን የምጽፈው ልዘብትበት ብዬ አይደለም። በብቸኝነት፣ ከዘመድ ርቆ፣ በማያውቀው ምድር የሚኖር ሰው ነበረ። ነገር ግን ስእለትን ማፍረስ የጊቤ ገዦች ብቻ ኃጢአት እንዳልነበረ ያሳያል። ለአንድ ሚስት መታመን ከባድ እንደ ሆነ ሁሉ ያለ ሚስት መታመንም ከባድ ነው።

* * *

ጅማን ከ1878 እስከ 1932 የገዙት አባ ጅፋር ዳግማዊ ለዐፄ ምኒልክ በሰላም ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ያቆዩ ንጉሥ ናቸው። በዚህ ውሳኔ የእናታቸው የገኔ ጉሚቲ ምክር ትልቅ ድርሻ እንደ ነበረው ይነገራል። ስሟ ራሱ የመጣችበትን አገር፣ ጉማን፣ ይናገራል። አንዲት ሴት ስሟ የአገሯ ስም ሆኖ ሲቀር ጋብቻዋ የሁለት አገር ጉዳይ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን። ከጅሬን ቤተ መንግሥት በታች ያለው የሂርማታ ገበያ በበኩሉ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይሸጥበት ነበር፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከደቡብ ምዕራብ ተነድተው በዚያ ያለፉ ሴቶች በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ጌታ ቤት ዕቁባት ሆነው ኖረዋል። ሚስት ሲቆጠር እነሱን የቆጠራቸው የለም።

በእስልምና ሕግ ወንድ እስከ አራት ሚስት ማግባት ይችላል፤ ለሁሉም እኩል ቀለብና እኩል መኖሪያ መስጠት ግዴታው ነው። የአያቴ ታላቅ እኅት ሃይማኖቷን ሳትለውጥ ጎማ ውስጥ ለአንድ ባለ ቡና ሁለተኛ ሚስት ሆና ተድራ ነበር። ልጅ ሳለሁ ቤቷ ሄጃለሁ። የራሷ ቤት፣ የራሷ ጓሮ፣ የራሷ ቡና ነበራት፤ እስክትሞት ድረስም ማንም ከዚያ አላስወጣትም። ይህን አይቼ ከአንድ በላይ ማግባት ይሻላል ማለቴ እንዳይደለ አንባቢ ይረዳልኝ። ያቺው ሴት ጣውንቷ የወለደች ዕለት ሌሊቱን ስታለቅስ ማደሯን ለእኅቷ የነገረችውን አያቴ ነግራኛለች። ዕንባዋም ሐቅ ነው። ሁለቱ እኅትማማቾች ሲገናኙ አንዷ የሌላዋን ዕጣ አትመኝም ነበር። አያቴ «እሷ ባሏን ተካፈለች፤ እኔ ቤቴን አጣሁ» ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች።

የሌላው ዓለም ክርስቲያንም ወደዚችው ከተማ መጥቶ ታይቷል። በ1936 ጅማን የያዘው ጣሊያን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መዲና አደረጋት፤ ፈረንጅ አራዳም በዚያው ዘመን ተቆረቆረ። ሚስቱን አገሩ ትቶ የመጣው ወታደርና ሠራተኛ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ይኖር ጀመር፤ ይህን ኑሮ ራሳቸው ጣሊያኖቹ «ማዳማቶ» ይሉታል። በሚያዝያ 1937 ሮም ይህን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ነበረ። ሕጉ ሲታይ ለጋብቻ ክብር የቆመ ይመስላል። የከለከለው ግን አመንዝራነትን አልነበረም፤ ከጥቁር ሴት ጋር ኑሮ መመሥረትን ነበር። ጣሊያናዊው አገሩ ያለችውን ሚስቱን ከዳ ብሎ የተቆጣ ዳኛ አልነበረም። በዚህ ሕግ መሠረት ሴቲቱን አባርሮ ልጁን መካድ ንጽሕና ሆነ።

* * *

አያቴ ስትሰናበት የመንግሥቱም ሕግ ከንስሐ አባቱ ጎን ነበረ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በጋብቻ ላይ ጋብቻን ወንጀል አድርጎ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የብሔራዊ፣ የሃይማኖትና የባህል ጋብቻን ሦስቱንም ሲቀበል አንዱ በሌላው ላይ እንዳይደረብ ከልክሏል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ክልከላውን አጽንቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ከአንድ በላይ ጋብቻንም አመንዝራነትንም ይቀጣል፤ የመጀመሪያው በሕግ የታወቀ የሃይማኖት ወይም የባህል ሥርዓት ሲሆን ግን ቅጣቱ ቀሪ ይሆናል፤ ለሁለተኛው ደግሞ የተበደለው ወገን አቤቱታ ያስፈልገዋል። ወንድ አያቴን ማንም አልከሰሳቸውም። እንዲያውም በቁርባናቸው ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለዎት ብሏቸዋል። የሁለት ሴቶችን ዕድሜ የወሰደው ሰው ንስሐ ገባ ተብሎ ተመሰገነ።

አብያተ ክርስቲያናት ይህን ችግር ጨርሶ ሳያዩት ቀርተዋል ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ በደቡብ አፍሪካ የናታል ጳጳስ የነበረው ጆን ኮለንሶ ብዙ ሚስት ያለው ዙሉ ሚስቶቹን ሳያባርር ሊጠመቅ ይገባል፤ ማባረሩ ከብዛቱ የከፋ በደል ነው ብሎ ተከራከረ። በ1888 በላምቤዝ የተሰበሰቡት የአንግሊካን ጳጳሳት ይህን አልተቀበሉም፤ እንዲህ ያለው ሰው አይጠመቅ አሉ። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1988፣ በዚያው ጉባኤ የኬንያው ጳጳስ ዴቪድ ጊታሪ ነገሩን እንደ ገና አነሣ፤ ጉባኤውም ሰውየው ከሚስቶቹና ከልጆቹ ጋር እንዲጠመቅ፣ ሌላ እንዳይጨምር፣ ያሉትንም ለችግር አጋልጦ እንዲያባርር እንዳይገደድ ወሰነ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1983 ባወጣችው ሕግ አንዲቱን ብቻ የሚለውን ሳትለውጥ፣ የሚሰናበቱት ሴቶች ኑሮ በፍትሕና በርኅራኄ እንዲጠበቅ ጳጳሱን ኃላፊ አደረገች። አንድ ለአንድ የሚለውን ትምህርት የጣለ የለም። የተጨመረው አንድ ነገር ነው፤ በደጅ የምትቆመውን ሴት ማየት።

እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ ወንጌሉን ሳነብ የሁለቱ ነገሮች መለያየት ይደንቀኛል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ፈሪሳውያን ጌታን የጠየቁት ሚስት ስለ መፍታት ነበር። እሱም ወደ ፍጥረት መጀመሪያ መልሷቸው ወንድና ሴት አንድ ሥጋ እንደ ሆኑ ነገራቸው። ለአንዲት መሆን እና አለማሰናበት በዚያ ንግግር ውስጥ አንድ ትምህርት ናቸው። እኛ ግን ለሁለት ከፍለን በመጀመሪያው ሁለተኛውን ሰበርንበት። በብሉይ ኪዳንም አብርሃም እንጀራና የውኃ አቁማዳ አስይዞ አጋርን ወደ ምድረ በዳ ሲሸኛት መጽሐፉ ከአብርሃም ድንኳን ጋር አይቀርም፤ እሷን ተከትሎ ይሄዳል። ውኃው አልቆ ብላቴናው ሲያለቅስ ድምፁ በሰማይ እንደ ተሰማ ይነግረናል። የአያቴን ታሪክ በማንም ገድል ውስጥ ያላገኘሁትን ያህል በዚያ ምዕራፍ አገኘሁት።

አንድ ለአንድ መታመን ታላቅ ትምህርት ነው፤ ሴትን ከጣውንት እሳት ያወጣታል፤ ልጅን ከያዕቆብ ዕጣ ያድነዋል። በኤች አይ ቪ ክፉ ዓመታትም ከየዐውደ ምሕረቱ «አንድ ለአንድ መወሰን» ሲሰበክ ስንቱን ቤት ከመፍረስ እንዳዳነ ያየ ያውቀዋል። ችግሩ ቆጠራው ዘግይቶ መጀመሩ ነው። በለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ አጋሮም ሊሙ ገነትም ጌራም በእንግዳ ይሞላሉ። እሸት ቡና ሊገዛ የመጣውን ነጋዴ ያን ጊዜ «ሚስት አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ሽማግሌ ቢኖር፣ የዋስ ፊርማ ከመፈረሙ በፊት የትውልድ አገሩ ቢጠየቅ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የንስሐ አባት ከባድ ፍርድ ባላስፈለገ ነበር። መታመን የሚፈተነው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ በሞት አልጋ ላይ ለመታመን ብዙ የቀረ ነገር የለም።

ወንድ አያቴ ከሞቱ በኋላ የሆነውን ነግሬ ላብቃ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግቢ ቀሩ፤ አንዷ በትልቁ ቤት፣ አንዷ በጓሮዋ ጎጆ። የጎጃሟ ሴት ልጅ አልነበራትም፤ የአካባቢውን ቋንቋም አትሰማም ነበር። አንድ የክረምት ቀን አያቴ ጀበናዋን ይዛ ወደ ትልቁ ቤት ሄደች። ከዚያ በኋላ ቡና አንድ ቀን በዚህ፣ አንድ ቀን በዚያ ይፈላ ጀመር። ሴትየዋ ስትታመም ያስታመመቻት አያቴ ናት፤ ስትሞትም ገንዛ ያስቀበረቻት እሷው ናት።

ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ አያቴ ጥቁር ለበሰች፤ አንድ ዓመት ሙሉ አላወለቀችም። ለባሏ ያን ያህል አልለበሰችም ነበር። ዘመዶች ተቆጧት፤ ለጣውንት እንዲህ ይለበሳል ወይ አሏት። እሷ ከሰሉን በማንከሽከሻው ቆስቆስ እያደረገች መለሰችላቸው፤ «አብረን ጠብቀን የለም እንዴ?»